ከብርድ ልብስ የተሠራ እርሻ

ጭሮ ላይ የያዙኝ ከክፍል ስወጣ ነው። የእጄን ጠመኔ እንኳ አላራገፍኩም ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ብጠይቅ «ትደርስበታለህ» አሉኝ። እስካሁን አልደረስኩበትም።

እስር ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። የመሰላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። ልጆቻቸው ፊት በጥፊ ስለተመቱ እህል አልቀምስም ብለዋል። ዳቦው አጠገባቸው ደርቋል። እንዳይሞቱብን ሁላችንም ፈርተናል።

ከሰዓት በኋላ የጫት ሰዓት ሲደርስ የሰዉ ጠባይ ይከፋል። ጫት የለም፣ ሀራራው ግን አለ። ቢሆንም ልማዳቸውን አልተዉም፤ ባዶ እጃቸውን ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱ ጨዋታ ያመጣል። ጫት ቀምሼ ለማላውቀው ጴንጤ፣ ለእኔም ተራ ደረሰኝ። የማውቀው ጂኦግራፊ ብቻ ስለሆነ ስለ ወንዝ ጀመርኩ።

ሽማግሌው ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እርሻዬ ከወንዙ በጣም ላይ ነው። ስቆፍር ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ አገኛለሁ። ማን አወጣው? አባቴ የኑህ የጥፋት ውሃ ነው ይል ነበር።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የሁሉንም ብርድ ልብስ ሰብስቤ፣ አጣጥፌ ደረጃ ሠራሁ።

«አባባ፣ ወንዙ ድሮ በእርስዎ እርሻ ላይ ነበር የሚሄደው። ዘመኑ ሲደርቅ ተራራው ይራቆታል፤ ወንዙ ጠጠሩን መሸከም ያቅተውና ሸለቆውን ይሞላዋል። ዝናብ ሲመለስ ሣሩ አፈሩን ይይዛል፤ ወንዙም ሸክሙ ቀሎት ወደ ታች ይቆርጣል።» እጄን ከሥር አስገብቼ ብርድ ልብሱን አነሳሁ። «መሬቱ ራሱም ቀስ እያለ እንዲህ ከፍ ይላል። ስለዚህ የድሮው ወለል ከላይ ይቀራል፣ አዲሱ ከታች ይሠራል።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ሽማግሌው ከላይ ነው በለኛ!»

«አዎ፣ ከላይ ነው።»

ተነሥተው ቁጭ አሉ። በጣታቸው የታችኛው ደረጃ ላይ ሽንኩርት፣ የላይኛው ላይ ማሽላ ዘሩ።

በሩ ተከፈተ። ጠባቂው ብርድ ልብሶቹን ረግጦ ሊያልፍ እግሩን አነሳ።

«በጫማ አትርገጥ» አሉት ረጋ ብለው። «እርሻዬ ነው።»

ጠባቂው ሽማግሌውን አየ፣ ብርድ ልብሱን አየ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ ዞሮ አለፈ።

«ወላሂ ራበኝ» አሉ ሽማግሌው። ደረቁን ዳቦ ውሃ ውስጥ ነክረው በሉ። እንደዚያ ቀን ሰው ሲበላ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለታችንም ከተፈታን በኋላ እርሻቸውን ለማየት ሄድኩ። ድንበሩ ላይ ስደርስ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁ። ከላይኛው እርከን አይተውኝ በሳቅ ፈረሱ።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄኛው ይረገጣል! ና ውጣ!»