የግራው ወንበር

በዚህ በፈረንጅ አገር ፀሐይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ያለውን ያወጣል። ባለፈው እሑድ አሮጊቷ ጎረቤቴ የሟች ባሏን መኪና ከጋራዥ አወጣች። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ፣ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ረጅም አፍንጫ፣ ሁለት በር፣ ክብ መብራት፣ ከኋላ ዝቅ ያለች። ኮምቦልቻ አባቴ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆማ የነበረችው የእሷ እኅት ናት።

አባቴ መካኒክ ነበሩ፤ የዚያችን መኪና ታሪክ የሰው ዘር እንደሚቆጥሩ ነበር የሚያወሩት። እንግሊዝ አገር ገላዋን በእጅ ቀጥቅጠው ሠሯት። ሀብታም ሰው ሻንጣውን ጭኖ፣ ሳይደክመው አገር ለአገር እንዲጓዝባት ነው። አንድ የመናዊ ነጋዴ በአሰብ በኩል አስመጣት። ያኔ እኛም አገር የሚነዳው በግራ ነበርና መሪዋ በቀኝ መሆኑ ማንንም አልገረመም።

"ከዚያ መንግሥት መንገዱን ወደ ቀኝ ገለበጠው" ይሉ ነበር አባቴ፣ "እሷን ግን ማን ይገልብጣት?"

ደርግ መጣ፤ የነጋዴው ሱቅ ተወረሰ፤ ሰውየውም ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ ቁልፉን ለአባቴ ሰጣቸው፣ "አማና" ብሎ። እኛ ዘንድ አማና የተቀበለ ሰው በዕቃው አይጠቀምም፤ ለሌላም አይሰጥም። ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ካልመጣም በቂያማ ቀን ይጠየቅበታል። አባቴ ቀበሌ እንዳይወስዳት ብለው አራቱንም ጎማ አወለቁና ድንጋይ ላይ አቆሟት። ጎማዎቹ እናቴ አልጋ ሥር ገቡ። ሊቀመንበሩ ብቅ ባለ ቁጥር እግር የሌላት መኪና አይቶ ስቆ ይመለሳል።

ሞተሯ እንዳይደርቅ ግን በየጁምዓው ከሶላት መልስ ያስነሷት ነበር። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ የትም አንሄድም። ልጅነቴን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ድምፅ ነው፤ ለመሄድ ተነሥቶ የማይሄድ ነገር ድምፅ።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ "ዛሬስ የት ደረሳችሁ?" ይላሉ።

"መካ ደርሰን መመለሳችን ነው" ይላሉ አባቴ።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ታላቅ እኅቴን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዷል። ውላ አድራ አልሆነም። በማግስቱ ጧት የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጇን ታጠበችና፣ "እዚህ አትወልድም" አለችን። "ዛሬ ደሴ ካልደረሰች ሁለቱንም ታጣላችሁ።"

መናኸሪያው ጭር ብሏል። የጦር ኮንቮይ ወደ ላይ ስለሚወጣ አውቶቡስ ተከልክሏል፤ የጭነት መኪናዎቹም ለዘመቻው ተወስደዋል። አባቴ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የመኪናዋን ሸራ ይገልጣሉ፤ መልሰው ያለብሳሉ። ደግመው ይገልጣሉ።

"ምነው አንቱ?" አለች እናቴ።

"የሰው ናት።"

"እሷስ?" እናቴ እኅቴ ወደተኛችበት በእጇ አመለከተች። "እሷን ማን ነው አማና ብሎ የሰጠዎት?"

አባቴ አልጋው ሥር ገቡና ጎማዎቹን እያንከባለሉ ወጡ።

የፊቱን ወንበር አጥፈን እኅቴን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ወደ ኋላ አስገባናት። እናቴ ቀድማ ገብታ ራሷን ታቀፈችላት።

"ይሄን የሠራው ሰውዬ እናት የለውም?" አለች እኅቴ፣ በዚያ ምጥ መሐል። እናቴ ሳቋ መጣባትና በነጠላዋ አፏን ያዘች።

እኔ በግራው ወንበር ተቀመጥኩ። አባቴ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ገደሉ ነው። ከፊቴ ከባድ መኪና ካለ ከማዶ የሚመጣውን ማየት አልችልም። ዓይኔ አንቺ ነሽ። 'አሁን' ካላልሽ አላልፍም፤ ካልሽ ደግሞ አላመነታም።"

እኔ ምስር ለቅሜ ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው የምለቅም ልጅ ነበርኩ።

ቀበሌው በር ላይ ሊቀመንበሩ ቆሟል። ድንጋይ ላይ የሚያውቃት መኪና ስትሄድ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቴ ክላክስ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር የለም።

ሐረጎ ዳገት ላይ ከኮንቮዩ ጭራ ደረስን። ከባዶቹ መኪናዎች ጥቁር ጭስ እየተፉ እንደ ኤሊ ይጎተታሉ። የእኛዋ ከሥራቸው ታጉረመርማለች፤ ስንት ዓመት ቆማ የቆየችው ለዚህ የነበረ ይመስል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ አያለሁ፤ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለዋል።

"እህስ?" አባቴ።

"ይቆዩ፣ አባ።"

ጥምዝ። "ይቆዩ።" ሌላ ጥምዝ። ከማዶ ቁልቁል የሚመጣ መኪና አለፈን። "ይቆዩ!"

"ምን ትጠብቂያለሽ፣ አንቺ ልጅ!" እናቴ ከኋላ ጮኸች። "እየቀዘቀዘችብኝ ነው!"

እኅቴ መጮኋን አቁማ ነበር። ዝምታዋ ከጩኸቷ ባሰብኝ። መንገዱ ለጥቂት ቀጥ አለ፤ ከጥምዙ ማዶ ያለው ግን አይታየኝም። ያ ረቢ፣ አልኩ። ያኔ ከላይ ኮረብታው ላይ የሚዞረው መንገድ ታየኝ፤ ባዶ ነው። ከዚያ የሚወርድ መኪና ከሌለ ከጥምዙ ማዶም የለም ማለት ነው።

"አሁን!"

አባቴ አላመነቱም። መኪናዋ ወደፊት ስትወረወር ጀርባዬ ከወንበሩ ተጣበቀ። አንዱን አለፍን፣ ሌላውን አለፍን፤ ተሳቢዎቹ ላይ ያሉ ወታደሮች ያፏጩልናል። እኔ "አሁን፣ አሁን" እያልኩ ነበር፤ ሁሉንም አልፈን እንኳ ማቆም አቃተኝ።

ደሴ ሆስፒታል ደርሰን ሴት ልጅ ተወለደች። እኅቴም ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ።

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው የላካቸው ሁለት ሰዎች መጥተው አባቴን ቁልፉን ጠየቋቸው። "የሰው አማና ናት" አሉ አባቴ። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ ቁልፉን ሰጡና፣ "ጧት ስትነሣ እስክትሞቅ ነዳጅ አትርገጡባት" አሏቸው።

ለነጋዴው "አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" ብለው ሐጅ በሚሄድ ሰው ሁሉ ላኩ። መልስ አልመጣም። ጁምዓ ከሶላት ሲመለሱ አራቱ ድንጋዮች ዘንድ ሄደው፣ ሞተር እስኪሞቅ በሚፈጀው ጊዜ ያህል ይቆማሉ። እናቴ "ኧረ ይቀመጡ" ትላቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ አልተቀመጡም።

ጎረቤቴ አፍጥጬ ማየቴን አይታ በሩን ከፈተችልኝ። "ነይ፣ አንድ ጊዜ እንዙር።" ቢስሚላህ ብዬ በግራው ወንበር ተቀመጥኩ። ያው የቆዳ ሽታ፣ ያው እንጨት። እዚህ አገር ግን የሚነዳው በግራ ነው፤ የሚታየኝ የእግረኛ መንገድና የሰው አጥር ብቻ ሆነ። ለካ ይህ ወንበር ሥራ የለውም። እጄን የማደርግበት አጣሁ።

አንድ የእርሻ ትራክተር ከፊታችን ገባ። ጎረቤቴ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ለራሷ አየች። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነበር።

"አሁን!" አልኩ በአማርኛ።

አሮጊቷ አለፈችው፤ ከዚያ እየሳቀች፣ "ምን አልሽ?" አለችኝ።

ዱዓ ነው አልኳት። ውሸትም አይደለም።