ቀርፋፋው ኔትወርክ የጠፋብን ጠዋት

ኔትወርክ ፈጠነ ብሎ ያለቀሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልቅሻለሁ... ያውም የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን በምናቀርብበት ጠዋት፣ ፈታኞቹ ፊት።

አምቦ ተማሪ እያለሁ ነው። እኔና ገመቹ የሠራነው ፕሮግራም ከሸነን ጤና ጣቢያ የሕሙማን መረጃ ወደ አምቦ የሚልክ ነበር። መስመሩ ቢንቀራፈፍም ቢቆራረጥም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ጉራችን እሷው ብቻ ናት።

ፈታኞቹን ጭነን ሸነን አንወስዳቸው ነገር... ሸነንን ላብራቶሪ ውስጥ ሠራናት። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ስዊች ቪላን በሚባለው አሠራር ለሁለት ከፈልነው፤ አንዱ ወገን አምቦ፣ ሌላው ሸነን። ሁለቱ በቀጥታ አይገናኙም። መሃላቸው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስገባንና የሚያልፈውን ሁሉ እንዲያዘገይ፣ አንዳንዱንም መንገድ ላይ እንዲጥል አደረግነው። ስንት ቀን እንቅልፍ አጣንበት። አንዲት ፋይል ስትንፏቀቅ እያየን «ተመስገን» የምንል እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ያን ጠዋት መምህራኑ ፊታችን ተደረደሩ። እናቴ ጊንጪ ላይ ለምርቃቴ ጌሾ ወቅጣ ጨርሳለች። «አሁን ቀስ እያለ ሲሄድ ታያላችሁ» ብዬ መላኪያውን ተጫንኩ... አፌን ሳልገጥም ፋይሉ አምቦ ደረሰ።

ደገምኩት። ጭራሽ ባሰበት።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ወረቀታችንን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀና አሉ። «የታለ ቀርፋፋው መስመር? ወይስ እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው?»

የማዘግየቱን ትእዛዝ እንደገና ሰጠሁ። እምቢ። መሃል ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር አጠፋሁት... ጠፍቶም ፋይሉ ያልፋል! ገመቹ ጆሮዬ ሥር «ዱምኔ» አለኝ፣ አለቀልን ማለቱ ነው። እኔ እንባዬ መጣ። ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ እናቴን ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው።

ገመቹ ሮጦ ስዊቹ ያለበትን ቁምሳጥን ከፈተ። የኛ ስዊች የለም። በቦታው ላስቲኩ ገና ያልወለቀ አዲስ ስዊች ተቀምጧል፤ ርካሽ ዓይነት፣ ቪላን የሚባል ነገር የማያውቅ።

ይሄኔ በር ላይ ቆመው የነበሩት የላብራቶሪው ጠባቂ ኦቦ ቶሎሳ ፈገግ ብለው ገቡ። ለካ በማለዳ የቀየሩት እሳቸው ናቸው። አሮጌውን ስዊች ስቶር አስገብተውታል፣ የስቶሩ ሰውዬ ደግሞ ቁልፉን ይዞ ጭልሞ ድረስ ለቅሶ ሄዷል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሁልጊዜ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስትጠብቁ አይ ነበር» አሉኝ። «ስዊቹ ተበላሽቶባቸው ነው፣ እንግዳ ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ጌታም ረዳኝ፣ ፈጠነላችሁ።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይቆጡታል? ወንበር ላይ ዘፍ አልኩና ተንሰቀሰቅኩ። ኦቦ ቶሎሳ የደስታ መስሏቸው ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርጉኛል።

ሰብሳቢው ግን ወደሳቸው ዞሩ። ልጆቹ አውቀው ያዘገዩት መሆኑን አልጠረጠሩም ወይ ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ቶሎሳ ግራ ገባቸው፤ ሰውየው የሚቀልዱባቸው ነው የመሰላቸው።

«ኔትወርክ አውቆ የሚያንቀራፍፍ ሰው አለ እንዴ? እኔ ሸነን ስሠራ የነበረው ራሱ ነው እኮ። አካሄዱም፣ ቀጥ ማለቱም... ራሱ!»

ሰብሳቢው የቀሩትን መምህራን አየት አደረጉና፣ «ሸነን የኖረ ሰው ካልለየው እኔ ምን እጨምራለሁ?» አሉ። ቁልፉ ሲመጣ ድጋሚ እንድናሳያቸው ቀጠሩን። አሳየናቸው፣ አለፍን፣ የእናቴም ጠላ ተጠጣ።

ሌላው ሰው ኔትወርክ በማፍጠን ይመረቃል፤ እኛ በማንቀራፈፍ... ያውም በምስክር!