ዶክተር ዐርዋ ያልጠየቀችው

ዶክተር ዐርዋን የሚያውቃት ሁሉ የሚያወራው ስለ ትምህርቷ ነው። ከአሶሳ ወጣ ካለች የበርታ መንደር ተነስታ ሐኪም መሆኗ፣ አዲስ አበባ ሄዳ በካንሰር ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረጓ፣ «እዚሁ ቅሪ» ሲሏት አሻፈረኝ ብላ መመለሷ ይነሳል። አብሬያት የምሠራ ነርስ ነኝና ይሄ ሁሉ እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ብኸይታን ግን ማንም አያነሳትም፤ ይሄ ያናድደኛል።

ዐርዋ ከሕክምናው ጎን ጥናት ትሠራ ነበር። የጡት ካንሰር የያዛቸው የአካባቢያችን ሴቶች ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ ማወቅ ፈለገች። ስለ መንገዱ ጠየቀች፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ባሎቻቸው ፈቃድ። ዛሬ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ተባልሽ? አንቺስ ምን ገባሽ?» የሚለውን ነው። ያኔ ግን ይሄን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ብኸይታ ከኩርሙክ መንገድ ዳር የመጣች ገበሬ ናት። መጀመሪያ ስትመጣ የጡቷ እብጠት ትንሽ ነበር። ናሙናው ካንሰር ቢያሳይም በኦፕራሲዮን የመዳን ሰፊ ዕድል ነበራት። ዐርዋ ውጤቱ የመጣ ቀን ሥራ በዝቶባት፣ ሁለቱም በርታ ሆነው ሳለ፣ ለሥራ በለመደችው አማርኛ «የጡት ነቀርሳ ነው» አለቻት። ለኦፕራሲዮን አዲስ አበባ እንደምትልካትም ነገረቻት። ብኸይታ እሺ ብላ ወጣች፤ በዚያው ጠፋች።

የተመለሰችው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጡቷ ቆስሏል፣ በሽታው ጉበቷ ደርሷል። አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍናለች። ዐርዋ ለምን እንደተሸፈነች ጠየቀቻት።

«ነቀርሳ ነው ብለሃል» አለች ብኸይታ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሰው እንዳይዝ።»

ዐርዋ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና በበርታ ቋንቋ ታነጋግራት ጀመር። የተባባሉትን በኋላ ነው የተረጎመችልኝ። የብኸይታ ጎረቤት ዐወድ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ከልጆቹ ተለይቶ እየተኛ ክኒኑን ጨርሶ ድኗል። አማርኛችን ደግሞ ሁለቱን በሽታ በአንድ ስም ይጠራል። ብኸይታም ያው የጎረቤቷ በሽታ መሰላት። በክኒን ለሚድን በሽታ ቢላ ምን ያደርጋል ብላ ከገበያ ክኒን እያስገዛች ዋጠች። ሳህንና ኩባያዋን ለየች። ትንሿን ልጇን፣ ዓኢሻን፣ ጡት አስጥላ ለእህቷ ሰጠች።

ዐርዋ ሁሉንም ነገረቻት፦ በሽታው ሌላ መሆኑን፣ አሁን ማዳን እንደማይቻል፣ ሕመሙን ግን እንደምታስታግስላት። ሳታስረዳ የሸኘቻት እሷ ራሷ መሆኗንም አልደበቀችም። እየነገረቻት አለቀሰች። ሐኪም በሽተኛ ፊት አያለቅስም ይባላል፤ የሚል ይበል።

ብኸይታ ስለ ራሷ ምንም አልጠየቀችም። ወደ እኔም እያየች በአማርኛ፣

«ሰው አይይዝም?» አለች።

«አይይዝም» አለቻት ዐርዋ። «ድሮም አይይዝም ነበር።»

ልጄን አምጡልኝ አለች። እህቷ ዓኢሻን ይዛ ኮሪደር ላይ ትጠብቅ ነበርና ጠራኋት። ብኸይታ እጆቿን ዘረጋች። ልጅቷ ግን በሩ ላይ ቆመች። እናትሽን እንዳትነኪ ስትባል ነው የከረመችው፤ ሁለቱንም እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።