ከአማቴ በፊት የበላሁት እራት

ባለፈው እሁድ ሰላም፣ የልጄ ሚስት፣ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ምግቡን ከፊቴ አቀረበችና እሷ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆመች። «ቅረቢ እንጂ» ብላት፣ «እርስዎ ይብሉ፣ እኔ በኋላ» አለችኝ። ይቺን «በኋላ» የምትባል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ቁጭ በዪና ብዪ አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ደንግጣ ቁጭ አለች።

እኔ ከደብረ ኤልያስ ይጁቤ አካባቢ ወዳለ ገጠር የተዳርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በጥር ነው። ባሌ ሙሉቀን ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱ ፊት ግን ምላስ አልነበረውም። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ ነበረች። በሕይወት ሳለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እሷ እላታለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። በዚያ ቤት ምራት የምትበላው መጨረሻ ነው። እንግዳው፣ አማቷ፣ ባሏ፣ እረኛው ሳይቀር በልቶ ሲያበቃ የሁሉንም እግር ታጥባለች፣ ዕቃውን ታነሣለች፤ ከዚያ የተረፈውን ጎራርሳ እንደ ዋጠችው ትተኛለች። እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ከፋሲካ በኋላ ደረቴን ያቃጥለኝ ጀመር። እግር ላጥብ ጎንበስ ስል የበላሁት ኮምጥጦ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣል። አንድ ቀን ማጠቢያውን ጥዬ ሮጬ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር አስመለሰኝ። እትዬ ጥሩነሽ አየችኝና እልል አለች። በቃ፣ አረገዘች ተባለ።

የወር አበባዬ እንዳልቀረ እኔ አውቅ ነበር። ግን ማን ጠየቀኝ? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ደግነቷ ጣመኝ። እግር ማጠቡ ቀረልኝ፤ ልተኛ ስል ቅቤ የዋጠ የገብስ ገንፎ ይመጣልኝ ጀመር። «ብዪ፣ ለሁለት ነፍስ ነው የምትበዪው» ትለኛለች። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲነጋ ደረቴ እሳት ይሆናል። ዝም ማለቴ ጥፋቴ ነበር፤ እሱን አልክድም።

መስከረም ሲጠባ ሆዴ እንዳለ ነው። አንድ ቀን ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ፊቴ ቆመችና፣

«የልጄን ልጅ የት ጣልሽው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ድሮም እኮ አልነበረም።»

«አልነበረም? ገንፎዬን ስትውጪ ግን ነበረ!»

አስወርዳለች ተባለ። ነገሩን ሽማግሌ እሁድ ሊያየው ተቀጠረ፤ ከተፈረደብኝ በነፍሰ ገዳይ ስም ወደ አባቴ ቤት ልመለስ ነው። ሙሉቀን መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ ይገርፈኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ልጄ፣ ያመመሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ይቺን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ አባቴ ማርቆስ ከተማ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ዳርና ዳሩ የኑግ አበባ ነው። የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ሲያንገጫግጨኝ አስመለሰኝ፤ አንዷ ሴትዮ «ነፍሰ ጡር ናት፣ ቦታ ልቀቁላት!» ብላ ስትጮህ የአባቴን ፊት ማየት አቃተኝ።

ሐኪሙ ኮስታራ ሰው ነው። «የሚያስመልስሽ መቼ ነው?» አለኝ። «ጎንበስ ስል፣ ወይም ስተኛ።» «እራት የምትበዪውስ?» «ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ፣ ልተኛ ስል።» ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። ኖራ የመሰለ ወፍራም ነጭ ነገር አጠጡኝና በራጁ አልጋ ላይ ራሴን ወደ ታች አዘንብለው አነሡኝ። ኋላ ፎቶውን ለአባቴ እያሳየ አስረዳን። በደረትና በሆድ መካከል እንደ ግድግዳ ያለ ሥጋ አለ፤ የምግቡ ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሰፍቶ የጨጓራዬ ጫፍ ወደ ደረቴ ሾልኳል። ሂያታል ሄርኒያ ይባላል አለን። «ማስመለሷም ማቃጠሉም ከዚሁ ነው። ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም።» ክኒን ሰጠኝ፤ ማድረግ ያለብኝን ደግሞ በአማርኛ ጽፎ ማኅተም መታበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ወረቀት እስከ ቤት ድረስ ከጡቴ ሥር ይዤው ሄድኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። የንስሐ አባታችን ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡት፤ በሽታው ሲነበብ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱማ «እንግዲህ ታረቁ» ማለት ጀምረው ነበር። ቄሱ ቀጠሉ፦ «ጥቂት ጥቂት ትብላ። ስብ አታብዛ። ከበላች በኋላ ጎንበስ አትበል። ከመተኛቷ ሦስት ሰዓት ቀድማ እራቷን ትብላ።»

እትዬ ጥሩነሽ ብድግ አለች። «ከእኔ በፊት? በእኔ ቤት? ከዚህስ ነፍሰ ገዳይ ብትሆን ይሻለኝ ነበር!»

ለካ የልጅ ልጅ ነገር አልነበረም፣ የመሶብ ነገር ነው። ተነሣሁ። መሶቡን ከፈትኩና ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። ሽሮው ይጣፍጥ ይምረር አላውቅም። «ወይ ድፍረት!» አለ አንዱ። ያን ጊዜ ሙሉቀን ከተቀመጠበት ተነሥቶ በጣሳ ውኃ አቀበለኝ። ለእኔ በቃኝ።

በኅዳር ጎጆ ወጣን። ሙሉቀን የአልጋችንን ራስጌ በሁለት ድንጋይ ከፍ አደረገው፤ እኔም እራቴን በጊዜ እየበላሁ ዳንኩ ማለት ይቻላል። እትዬ ጥሩነሽ እስክትሞት ደጄን አልረገጠችም። ቀብሯ ላይ እንደ ወጉ ደረቴን መታሁ፤ ያንኑ ሲያቃጥለኝ የኖረውን ደረት። ይቅር በዪ ይሉኛል። አልቻልኩም።

እሁድ ዕለት ሰላም ሁለት ጉርሻ እንደ ዋጠች አፏን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ተከትያት ስወጣ ግድግዳውን ይዛ ያስመልሳታል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። በእጄ አፌን ያዝኩ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ እኔ እትዬ ጥሩነሽን የማያት እንደዚያ ነበር።

«ልጄ» አልኳት፣ «ያመመሽ ምንድን ነው?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ምንም አልሆንኩም፣ እትዬ» አለችኝ።