ለመተከል የደረሰው ሜሞሪ

አሶሳ የሄድኩት ለስድስት ወር ነው ተብዬ ነው። በስድስተኛው ወር እንዲያ ያለኝ ማን እንደሆነ ብጠይቅ "እኔ ነኝ" የሚል ሰው ጠፋ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ቢሮ የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት ቤት ሁሉ ትናንት ሌላ ነገር ነበረ። የኛው የዕቅድ ቢሮ የእህል መጋዘን ነበር፣ ዝናብ ሲጥል ከግድግዳው የማሽላ ሽታ ይነሳል። ኃላፊ አለን፣ ማኅተም አለን፣ ስብሰባ አለን። ስብሰባስ ሞልቶ ተርፎን ነበር።

ስሄድ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። አዲስ አበባ አስተማሪ ስለሆነች ሥራዋን ጥላ አትከተለኝም፤ እኔም ሥራዬን ጥዬ አልመለስም፣ በምን እንበላለን? ልጃችን ስትወለድ እኔ ስለ ስብሰባ አዳራሽ ጥበት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በኋላ ለዓመት ፈቃድ ስገባ ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ "ጋሼ" አለችኝ። ባለቤቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስመለስ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት አውቶቡስ ውስጥ ያቺው "ጋሼ" ጆሮዬ ላይ ነበረች፣ ሳቁም አልመጣልኝም።

እንደ ደረስኩ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ኃላፊያችን ደግ ሰው ናቸው፣ የቀድሞ መምህር፣ ቃል መስጠት የሚወዱ። ማመልከቻዬን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና "የክልሉን ዕቅድ ሥራልኝ፤ ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ በተቀመጠ ቀን ዝውውርህን እፈርማለሁ" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? ገደሉ ኮምፒውተሩ ነበር።

ቢሯችን አንድ ኮምፒውተር ነበረችው። የራሷ ክፍል አላት፣ ጥልፍ ጨርቅ ትለብሳለች፣ ማንም ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አይገባባትም። እኛ ጣሪያ በሚያፈስ ክፍል አምስት ሆነን ተጨናንቀን ስንሠራ እሷ ብቻዋን በመጋረጃ ትኖራለች። ችግሩ መክበሯ ላይ ሳይሆን መሥራቷ ላይ ነው። የሦስቱን ዞኖች ሠንጠረዥ ከፍቼ አንዲት ቁጥር ስለውጥ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሄጄ፣ ማንጎ መርጬ፣ ልጬ፣ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ገና እያሰበች ነው። ሦስተኛው ዞን ላይ ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ ትደርቃለች፣ የሠራሁትም ውኃ ይበላዋል። ለኃላፊያችን ብነግራቸው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉኝ። እንቁላሉ እስኪሄድ የኔ ልጅ ትዳር ልትይዝ ነው!

መላው የመጣልኝ አንድ የፕሮጀክት ፈረንጅ ጥሎት ከሄደ መጽሔት ነው። የማሽኑን አንጎል ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል ይላል። ሰሌዳው ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል መሰኪያ ከአንዱ ቦታ ነቅሎ ሌላው ቦታ መሰካት ነው፣ በቃ። ግን ሜሞሪው፣ ማሽኑ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋባት ጣት የምታህል ሰሌዳ፣ ፍጥነቱን መቻል አለበት። እንደ ሥጋ ቤት ነው፤ ቢላው ቢፈጥን ጣውላው ጠባብ ከሆነ ሥጋው መሬት ይወርዳል። ያኔ ገበያ ላይ ያለው ሜሞሪ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ባለ ስልሳ ስድስትና ባለ መቶ፣ ቁጥሩ የፍጥነቱ ልክ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ ሁለት ባለ መቶ ነበር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። አንዷ ብቻዋን ትሮጣለች እንጂ ሠንጠረዡን አትሸከምም። ፈጣኗን ከአሮጌዋ ዘገምተኛ ጋር ካጣመርክ ደግሞ ፈጣኗም በዘገምተኛዋ ልክ ትንፏቀቃለች።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለግዢ ኮሚቴው አቀረብኩ። ኮሚቴው ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በካልሲ ሆኖ፣ ኮምፒውተሯን ከብቦ ተሰበሰበ። የፋይናንስ ተወካዩ በመጀመሪያ የጠየቀኝ የመንግሥት ንብረት ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሲሮጥ ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው የሚል ነበር፤ ሹፌር እንኳ ይቀጣል አለ። እኔ እጠየቃለሁ አልኩ። በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቀጥሎ የንብረት ክፍል ኃላፊው ከሦስት ሱቆች የመጣውን የዋጋ ፕሮፎርማ ሲያገላብጥ ቆየና ባለ ስልሳ ስድስቱ ዋጋው ርካሽ መሆኑን አገኘ። ሁለት ስልሳ ስድስት ሲደመር መቶ ሠላሳ ሁለት ነው፣ ከመቶ ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን ውዱን እንገዛለን ሲል ጠየቀ። ኮሚቴው በአድናቆት ተያየ። ሁለት ዘገምተኛ ሰዎች አብረው ቢሄዱ ቶሎ አይደርሱም ብዬ ለማስረዳት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀሁ። አንድ የበርታ ሽማግሌ የኮሚቴ አባል ነበሩ፣ ሲያዳምጡ ቆይተው ፈገግ አሉ።

"ወላሂ፣ ማሽኑ መች ቸኮለ? የቸኮለ ይሄ ሰውዬ ነው። ግዙለትና ወደ ሚስቱ ይሂድ።"

ሁሉም ሳቀ። ላቤ ጠብ እያለ እኔም ሳቅሁ። ሁለት ባለ መቶ እንዲገዛ ተፈቀደ።

ሜሞሪዎቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጡበት ቀን ግን የዞኖች ስብሰባ ነበር፣ ከየዞኑ የዕቅድ ባለሙያ መጥቷል። ከመተከል የመጣው እዚያው ቡለን ወረዳ ተወልዶ ያደገ ሺናሻ ነው፣ ትሁት ሰው፣ ቢከፋውም ድምፁን የማያነሳ። እጁን አውጥቶ፣ ለክልሉ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ለምን አሶሳ ላይ እንደሚቀር ጠየቀ። እውነቱን ነው፣ ሲቀር አይቻለሁ። ኃላፊያችን ፊታቸው በራ። ፍትሃዊነት የሚባል ነገር ካነሱላቸው ሌላ ምንም አይታያቸውም። አሁን የመጣው ሜሞሪ ሁለት ነው፤ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለመተከል፣ ሦስተኛው ዞን ካማሺ ደግሞ በሚቀጥለው ይታሰብለታል ብለው ወሰኑ። ተጨበጨበ። እኔ ተነስቼ መተከል ኮምፒውተር አለ ወይ አልኩ። "ይመጣል" አሉኝ።

እግዜር ያሳያችሁ! ጥንድ ጫማ ለሁለት ቤተሰብ ተካፈለ፣ ይኸውም ፍትሕ ተባለ። ተናድጄ ቢሮዬ ገባሁና ድርሻዬን ከአሮጌዋ ጋር አጣምሬ ሞከርኩ። እንደ ፈራሁት ማሽኗ ሦስተኛው ዞን ላይ ደረቀች።

የቡለኑ ሰው የዞኑን ድርሻ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሞ ተረክቦ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቷታል። ወደ መተከል የሚወስደው የቢሯችን መኪና ግን መለዋወጫ ጠፍቶለት ቆሟል። ያረፈበት ሆቴል ሄድኩና መኪናው እስኪጠገን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ስለ ዕቅዱ ብነግረው አልተንቀሳቀሰም። ስለ ልጄ ስነግረው ግን የሸሚዙን ኪስ ዳሰሰ።

"እሱስ ይሁን" አለ። "ብቻ የዞን ንብረት ናት፤ ካጠገቧ አልነሳም።"

እንዳለውም አልተነሳም። ሜሞሪውን በገዛ እጁ ሰካ። እኔ መሰኪያዋን ነቅዬ አዛወርኩ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን፣ ማሽኗ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ማንጎ ቀረ፤ ቁጥሩን ለውጬ ቀና ሳልል መልሱ ይመጣል። ወይ ጉድ፣ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም! የአሶሳን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ የማሽኗን ሽፋን ገልጠን፣ የኃላፊያችንን የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥተን አዞርንባት። እሳቸው በጋዜጣ እያራገቡ ቢሯቸው ሲያልባቸው ማሽኗ በንፋስ ትሠራለች። ከየቢሮው ሰው እየመጣ ጫማውን እያወለቀ ያያታል። ደጁ የመስጊድ ደጃፍ እስኪመስል ጫማ ተደረደረ። የቡለኑ ሰው በካልሲው ቁጭ ብሎ አንዴ ሜሞሪዋን፣ አንዴ እኔን ያያል። ለምሳ ስንወጣ ነቅሎ ኪሱ ይከታታል፣ ስንመለስ ይሰካታል።

ጨዋታው እንግዲህ በኔና በመኪናው መካከል ሆነ። መኪናው ከሄደ ሜሞሪዋ ሄደች፣ ሜሞሪዋ ከሄደች ዕቅዱ ቀረ፣ ዕቅዱ ከቀረ አዲስ አበባ ቀረች። ብዙም አልፈራሁም፤ የቢሯችን መኪና ሰኞ እሄዳለሁ ካለ ሐሙስ ይሄዳል፣ ያውም ከተገፋ። በዚያ ተማምኜ ስሠራ፣ ሹፌሩ መጥቶ መለዋወጫው ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት እንወጣለን አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ታጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ቢሮው ከተቋቋመ ጀምሮ አንድ ነገር በሰዓቱ ቢሆን፣ እኔን ለመጉዳት ሆነ።

የካማሺ ሠንጠረዥና ማተሙ ገና ይቀረኝ ነበር። የቡለኑ ሰው ፊቴን አየ። ወጥቶ ሹፌሩን ሆዴን ክፉኛ አሞኛል፣ ዛሬ መንገድ አልችልም አለውና ተመልሶ ማሽኗ አጠገብ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሹፌሩ በመስኮት ባየ ቁጥር ያቃስታል። እኔ እየሠራሁ፣ እሱ እያቃሰተ፣ ፕሪንተሩ እየጮኸ፣ ከቀትር በኋላ የመጨረሻዋ ገጽ ወጣች። ላቅፈው ቃጣኝ። እሱ ግን መጀመሪያ ሜሞሪውን ነቅሎ ጠቀለለ።

ዕቅዱን ታቅፌ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ደስ አላቸው። "ቃል ቃል ነው" ብለው እስክሪብቷቸውን አወጡና ፈረሙ። ወረቀቱን ሳነበው ዝውውሩ ወደ መተከል ነው።

የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳቱም።

"አዲስ አበባ ለማዛወር ክልሉ ሥልጣን የለውም፣ ልጄ። መተከል ግን የኛው ነው። ደግሞ ሜሞሪ ልከን የሚያውቀው ሰው ካልላክን ምኑን ሰጠናቸው?"

እዚህስ ማሽኗን ማን ይሠራባታል ብዬ ያዝኩ፣ የሰመጠ ሰው ያገኘውን እንደሚይዝ። ዕቅዱ አልቋል እኮ አሉኝ፤ የሚቀጥለው ዕቅድ እስኪደርስ ማን ቸኩሎ? ማራገቢያቸው እንዲመለስላቸው ብቻ አዘዙ። ወጥቼ ማራገቢያውን አመጣሁላቸው። አልሄድም እንዳልል ደሞዙ ነው የልጅቷ ወተት። አልቅሼም ቢሆን ምን ላመጣ? ስሰካ ስነቅል ስታገል፣ እኔም ለካ የክልሉ ዕቃ ነበርኩ፣ ለመተከል የደረስኩ።

አሶሳና መተከል አንድ ክልል ናቸው፤ መሃላቸው አባይ ስላለ ግን ያን ጊዜ መንገዱ አዲስ አበባ ዞሮ በጎጃም ነበር። ስለዚህ ወደ አዲሱ ቦታዬ የወሰደኝ መኪና በገዛ ቤቴ በር አለፈ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ አንድ ቀን አሳደረኝ። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ግን አልተደበቀችም። አድጋለች። ያመጣሁላትን የአሶሳ ማንጎ አብረን በላን፣ ጉልበቴ ላይ ወጣች፣ ስለ መዋዕለ ሕፃናቷ ነገረችኝ። ለመደችኝ ብዬ ልቤ ሞቀ።

ጠዋት መኪናው በር ላይ ሲቆም የቡለኑ ሰው ኪሱን እንደያዘ ከፊት ተቀምጧል። ባለቤቴ ልጅቷን ወደኔ ገፋ አድርጋ "በይ ደህና ሁን በይው" አለቻት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ እንደተማረችው በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

"ደህና ይሁኑ ጋሼ" አለች። "አባዬ ሲመጣ መጥተው ነበር እለዋለሁ።"