ሲ ቱሃሚ መናፈሻችንን የቆለፈበት ዓመት

ሲ ቱሃሚ ዝጋል፣ "ሲ" በአገራችን "አቶ" እንደ ማለት ነው፣ በሕይወቱ አንድ ችግኝ እንኳ ተክሎ አያውቅም። ስሙን ላጠፋ ብዬ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የመናፈሻው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ እጁን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጥፍሩ ሥር አፈር ገብቶ አላየሁም። እንዲያም ሆኖ የከተማው ጋዜጣ "የመናፈሻው አባት" ብሎ የጻፈለት እሱን ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቱሃሚ የተወለደው እዚሁ ቱኒዚያ፣ ቢዘርት ከተማ፣ አሮጌው ወደብ አጠገብ ነው። አባቱ መረብ እየጠገነ የሚያድር ዝምተኛ ሰው ነበር። ልጁ ግን በዓሣ ሽታ ያፍር ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከአባቱ ሱቅ ፊት ለፊት ላለማለፍ በገበያው በኩል ይዞር እንደነበር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። አስተማሪ ለመሆን ተመኘ፤ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ሆነና ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ ያረፈደ ሲመዘግብ፣ ጥፍር ሲመረምር፣ ፊሽካ ሲነፋ ኖረ። ፈሪ ልጆች ከሩቅ ሲያዩት ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። እሱ ይህን እንደ ፍቅር ቆጠረው።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ገበያ ሲሄድ ሰላም የሚለው ሰው አጣ። ሚስቱ ጀሊላም ብዙ አልቆየችም። "ሠላሳ ዓመት ተማሪህ ሆኜ ኖርኩ፤ አሁን ተመርቄያለሁ" ብላው ልብሷን ሰብስባ ሱሳ ከተማ ልጃቸው ቤት ገባች። አልፈታችውም፣ አልተጣላችውም፤ ብቻ አልተመለሰችም። ቱሃሚ ባዶ ቤት ውስጥ ክረምቱን እንደምንም ገፋ። በጸደይ ዓይኑ መናፈሻችን ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ መናፈሻው ነፍስ መዝራት ጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት ፏፏቴው የደረቀ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ የተሰባበሩ፣ የቆሻሻ መጣያ የሆነ ቦታ ነበር። ያነሣችው መንጁባ ናት። መንጁባ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰፋ የኖረች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ ከመርፌዋ የባሰ ሴት ናት። እሷና ጎረቤቶቿ ልብስ በሚያጥቡበት ቀን የመጨረሻውን እጣቢ፣ ሳሙና የሌለበትን፣ በባልዲ ተሸክመው ያመጡና ያጠጣሉ። ናና ተከሉ፣ በሶብላ ተከሉ፣ ቃሪያና ጽጌረዳ ተከሉ። መልክ አልነበረውም፤ የተሰነጠቀ ድስት ውስጥ የበቀለ ሁሉ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ቦታው በሰው ይሞላል። የመንጁባ ታናሽ እህት ወሲላ፣ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ የቀረባት፣ በየማለዳው እየተደገፈች መጥታ ከአሮጌው ወይራ ሥር ትቀመጣለች። ከቤት የምትወጣው ለዚያ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቱሃሚ ክራቫት አስሮ፣ ማህደር በብብቱ ይዞ መጣ። መንጁባ ተንበርክካ አረም ትነቅላለች።

"እመት መንጁባ፣ ይህ ሥራ ፈቃድ አለው?" አላት።

"የትኛው? ናናው?"

"መደራጀት ያስፈልጋል። ማኅበር፣ ማኅተም፣ መተዳደሪያ ደንብ።"

"ውሃ የሚሸከም ሰውስ ደንቡ ውስጥ አለበት?"

"እሱ በሂደት ይታያል።"

"እንግዲያው ሂደቱ እስኪደርስ ያቺን ባልዲ አቀብለኝ።"

ባልዲውን አላቀበላትም። መናፈሻውን ዞሮ ዞሮ አየና የማህደሩን ገመድ እያጠበቀ ሄደ።

በሳምንቱ ቡና ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን የመናፈሻው ወዳጆች ማኅበርን መሠረትን። አሥራ አራት ወንዶች ነበርን። ከመካከላችን አንድ ባልዲ ውሃ የተሸከመ አልነበረም። መድኃኒት ቤት ያለው ሱፍያን ምክትል ሆነ። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለኖርኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ጸሐፊ ሆንኩ። ለመንጁባ "የክብር አማካሪ" የሚል ስም ሰጠናትና ሳንጠራት ቀረን። በስብሰባው ሁለት ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው ማኅተሙ ላይ የሚቀረጸው ቅጠል የወይራ ይሁን የዘንባባ በሚለው ላይ ነው። እኔ ለዘንባባው እጄን አወጣሁ።

ከዚያ የጽዳት ቀን ተባለ። ሁላችንም ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰን መጣን። ሱፍያን ያደረገው ጓንት የዋጋው ወረቀት ገና አልተነቀለለትም ነበር። መጥረጊያ እንደያዝን ፎቶ ተነሣን፤ አካፋ እንደያዝን ፎቶ ተነሣን፤ ቱሃሚ እጁን ወደ ሩቅ ሲጠቁም ብቻውን ፎቶ ተነሣ። የቆሻሻው መኪና ከመምጣቱ በፊት ምሳ ሰዓት ደረሰና ተበተንን። ከረጢቶቹን መኪናው ላይ የጫኑት ሴቶቹ ናቸው። ቱሃሚ በቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኖ ፊሽካ እየነፋ አዘዛቸው።

ቀጥሎ ሰሌዳዎቹ መጡ። ሣር መርገጥ ክልክል ነው። ኳስ መጫወት ክልክል ነው። ባልዲ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የሱፍ ፍሬ መቆርጠም ክልክል ነው። በሰፈራችን የሱፍ ፍሬ ሳይቆረጥም ወሬ የሚያወራ ሰው የለም፤ ክልከላው ወሬም ክልክል ነው ከማለት አይተናነስም። ሁሉንም የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። "ክልክል" የሚለውን ቃል በቀይ ቀለም አድርገው ሲለኝ እንኳ ለምን አላልኩም።

በሁለተኛው ዓመት ከተማው ከሁሉ የተሻለ እንክብካቤ ለተደረገለት የሰፈር መናፈሻ ሽልማት እሰጣለሁ አለ። ቱሃሚ እንቅልፍ አጣ። ዳኞቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ሠራተኛ አስገብቶ የመንጁባን ተክል በሙሉ አስነቀለ። በምትኩ ሌላ ቦታ የበቀለ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ ተነጠፈ። ከችግኝ ጣቢያ በውሰት የመጡ አበቦችም ከነማሰሯቸው አፈር ውስጥ ተቀበሩ። መንጁባ ስትደርስ ናናዋና በሶብላዋ አጥሩ ሥር ተቆልለው ጠውልገዋል። እኔ መዝገብ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ቁልሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ቱሃሚ፣ ይህን ለምን አደረግህ?" አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እመት መንጁባ፣ የድሃ ጓሮ ይመስል ነበር። እንግዳ ይመጣብናል።"

"እኛ እኮ ድሆች ነን። የማን ጓሮ ይምሰል?"

 ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ባለ ብዕር፣ ይህንንም ጻፈው እንጂ" አለችኝ። አልጻፍኩትም። በቃለ ጉባኤው ላይ "የአረም ማስወገድ ሥራ ተከናወነ" ነው የሚለው።

ሽልማቱን አገኘን። ዳኞቹ ሩብ ሰዓት ቆይተው፣ የቀረበላቸውን ቂጣና ቴምር በልተው፣ እጅ ጨብጠው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የችግኝ ጣቢያው መኪና መጥቶ አበቦቹን ከነማሰሮው ነቅሎ ወሰደ። ጉድጓዶቹ ቀሩ። ቱሃሚ ግን የሽልማቱን ሰሌዳ መግቢያው ላይ ሲሰቅል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ በትንሽ ነገር የሚያለቅስ ሰው ያሳዝናል ይባላል፤ እኔን አላሳዘነኝም። አጠገቡ ቆሜ ማጨብጨቤ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከሽልማቱ በኋላ "ያገኘነውን ክብር መጠበቅ አለብን" አለና ብረት ሠሪው ላሚን ባለ ሹል ጫፍ የብረት በር እንዲሠራ ተደረገ። የአባልነት መታወቂያ የያዘ ብቻ ይገባል ተባለ። መታወቂያ ለማግኘት ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን የሚያየው ቱሃሚ ነው። ቁልፉም የሚኖረው እሱ ኪስ ውስጥ ነው።

ሰኔ ላይ ወሲላ እንደ ልማዷ መጣች። በሩ ተዘግቷል። ቱሃሚ ውስጥ ሆኖ ሣሩን ያጠጣል፤ አያያዙን ስለማያውቅበት ውሃው ጫማው ላይ ይፈስ ነበር።

"ቱሃሚ ወንድሜ፣ ክፈትልኝ፤ እግሬ ከዳኝ" አለችው።

"መታወቂያ አለዎት?"

"ወሲላ ነኝ እኮ። የተማሪ ቤት ካፖርትህን የሰፋሁልህ።"

"ለእርስዎ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው። ደንብ ደንብ ነው።"

 መንጁባ ከቤት የፕላስቲክ ወንበር አመጣች፤ ወሲላም አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊቷን ወደ ብረቱ አድርጋ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ወይራውን በፍርግርጉ ስታይ ዋለች። በማግሥቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት የራሷን ወንበር ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ማንም አልጠራቸውም። ሳምንቱ ሳያልቅ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ከሰዓት በኋላ የእግረኛ መንገዱን ሞልተው፣ ወደ ውስጥ እያዩ፣ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥሙ ጀመር። ገለባው እግራቸው ሥር እንደ በረዶ ተከመረ። ቱሃሚ በአረንጓዴው ሣር መካከል፣ አዲስ ቀለም በተቀባ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ ፍርግርጉ መጣና፣ "መንገድ መዝጋት በሕግ ያስጠይቃል!" አለ።

"መንገዱ ላይ ሰሌዳ የለም" አለችው መንጁባ። "ሂድና ባለ ብዕሩን ጻፍ በለው።"

ሰዉ ሳቀ። ቱሃሚ ፊሽካውን አውጥቶ ነፋ። እንደገና ነፋ። በዚያ ዕድሜው ጉንጩ ተነፍቶ፣ ፊቱ ቀልቶ ሳየው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው "ክቡር ሊቀ መንበር" እያልኩ እንደጻፍኩ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። ኮሚቴው ውስጥ ከነበርነው አንዳችንም ከጎኑ አልቆምንም፤ ሱፍያን መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ በጓሮ በር ወጥቷል። በቆምንለት ጊዜ ወራዶች ነበርን፤ በተውነውም ጊዜ እንዲሁ።

ወሲላ በተቀመጠች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ላሚን የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ መጣ። ማንንም ሳያናግር መፍቻውን አውጥቶ የበሩን ማጠፊያ መፍታት ጀመረ።

"በማን ፈቃድ ነው?" አለ ቱሃሚ።

"የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሠራው እጄ እንዴት እሺ እንዳለኝ እንጃ።"

"ክስ እመሠርታለሁ።"

"መሥርት፤ ግን መጀመሪያ ከዚያ ዞር በል፣ ይወድቅብሃል።"

ቱሃሚ ዞር አለ። በሩ መሬት ላይ ተጋደመ። መንጁባ እህቷን በብብቷ ደግፋ በላዩ አሻገረቻትና ወይራው ሥር አስቀመጠቻት። ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ ወንበሩን እያነሣ ተከትሏት ገባ። ቱሃሚ ማህደሩን ከወንበሩ ላይ አነሣ፤ በሰዎቹ መካከል "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ወጣ። አንድም ሰው አልነካውም፣ አልሰደበውምም። ቢሰደብ ይሻለው እንደነበር አውቃለሁ።

ሣሩ በሐምሌ ሐሩር ደረቀ። መንጁባ ናናውን እንደ አዲስ ተከለችው። አሁን እኔም በእጥበት ቀን አንድ ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ። አታመሰግነኝም፤ "እዚያ አፍስሰው" ትለኛለች፣ እዚያ አፈሳለሁ። ወሲላ አንድ ተጨማሪ በጋ ተቀምጣበት ሞተች።

ቱሃሚን ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ አገኘሁት። ቀድሞ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ የደብተር ወረቀት ቆራርጦ፣ በየወረቀቱ ቁጥር ጽፎ ለበሽተኞቹ ያድላል። ማንም አላዘዘውም። ነርሷ ዝም ብላ ታየዋለች። አንዲት እርጉዝ ሴት ልትቀመጥ ስትል "መጀመሪያ ቁጥር" አላት፤ እሷም ተመልሳ ተሰለፈች። እኔን ሲያየኝ ፊቱን እንኳ አልለወጠም። "ሃያ ሦስት" አለኝና ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

ተቀብዬው ከግድግዳው ሥር ቆምኩ።