አባቴ ፊቴን የዳበሰበት ንጋት

በዚያ ንጋት ሮቢት፣ ቤታችን ደጃፍ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ ሰይድ፣ እናቴ ዘሃራ፣ እህቴ ከድጃ፣ አጎቴ እንድሪስና ጎረቤታችን ጋሽ ምስጋናው። ስድስተኛው እኔ ነኝ። አጎቴ ዱዓ አደረገ። ከዚያ አባቴ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀኝና ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ በመዳፉ ዳበሰኝ። መራቂ መዳበሱ በእኛ ዘንድ ያለ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ቆየ። እናቴ «ልቀቀው እንጂ፣ መኪናው ያመልጠዋል!» አለችው።

መኪናው አላመለጠኝም። የጅቡቲዋ ወደብ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ ከዚያ በእግር፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁ አትሂዱበት። አሁን ጅዳ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ አጸዳለሁ። ሙቀቱ የቆላውን የዋጃን ያስንቃል፤ ከብሳ የሚሉት ሩዝም እንደ ማሽላ እንጀራ ሆድ አይዝም።

አባቴ ስኳር አለበት። ከድጃ ከቆቦ ሐኪም ቤት የተሰጠውን የደም ውጤት ወረቀት ፎቶ አንስታ በስልክ ላከችልኝ። በእግሩ ቁስል ምክንያት ከፍ ብሎ የነበረው ሲአርፒ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ቁጥር፣ ወርዷል። ሐኪሙ ግን ደሴ ሄዶ ዓይኑን እንዲታይ አዞታል። እኔ ደግሞ ብግነትና የስኳር ሕመምተኞች የዓይን ጉዳት እንደሚያያዙ ስልኬ ላይ አንብቤ ነበር። ቁጥሩ ከወረደ ዓይኑም ደህና ነው አልኩና ደወልኩ።

«አባባ፣ ደምህ ጥሩ ነው። ደሴ ድረስ አትንገላታ።»

«አልሐምዱሊላህ! ስደተኛ የላክሁ መስሎኝ ለካ ሐኪም ነው የላክሁት!» ብሎ ሳቀ።

ከወራት በኋላ ያንኑ ወረቀት ከስልኬ ላይ ለላቦራቶሪው ሱዳናዊ ባለሙያ በኩራት አሳየሁት። እሱ አልሳቀም።

«ይሄ ብግነት እንዳለ ይነግርሃል እንጂ የት እንዳለ አይነግርህም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖም ዓይን ይጎዳል። ዓይኑን የሚያውቁት ጠብታ ጨምረው ውስጡን ሲያዩት ነው።»

አለቃችን ከኋላ ሰማን። «አንተ፣ ሐኪም ነህ ወይስ ጽዳት?»

«ጽዳት።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ተውና ወለሉን አንብብ!»

ወለሉን እየወለወልኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ በቪዲዮ ስንነጋገር አባቴ ሁልጊዜ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ጎኑ ነበር የሚያየው። ሥራ እንደጨረስኩ ደወልኩና ካሜራውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞርኩት።

«እንዴት ነኝ አባባ?»

«ጠቁረሃል ልጄ። ፀሐዩ በላህ።»

ከድጃ ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

«ማየት ያቆመው መቼ ነው?» አልኳት።

«ቆይቷል። ደሴ ስንወስደው ዘግይታችኋል አሉን። አገር ለራቀ ሰው ክፉ አይነገርም ብለን ነው... አንተም ደህና ነው ስላልክ...»

አባቴ አሁንም የእኔን ስልክ ይጠብቃል፤ ስደውል አሁንም ፊቴ ምን እንደሚመስል ይነግረኛል።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፣ ደጃፉ ላይ ለነበራችሁት። እኔ እንደማስታውሰው ነግቶ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የማሽላ ማሳ ይታይ ነበር። አባቴ ያን ያህል የዳበሰኝ ሲመርቀኝ ነው ወይስ ፊቴን ሲፈልግ? ከበሩ ሲወጣ እጁን የያዘው ሰው ነበር? ጋሽ ምስጋናው፣ እርስዎ ከጎኑ ነበሩ። አጎቴ፣ አንተ ከፊቱ ነበርክ። ያኔም አያይም ከነበረ ንገሩኝ፤ ያይ ከነበረም ንገሩኝ። ሊያጽናናኝ የሚፈልግ ግን አይጻፍልኝ።